የእትዬ እምቢ ወንበር

እህቴን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ «እትዬ እምቢ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የስሙ እኩሌታ የኔ ነው። እምቢ ባዩ እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። የእህቴ ሥራ ተመራማሪዎችን ማሠልጠን ነው። ምርምሩን እንዴት እንደሚሠሩት አይደለም፣ እሱን የሚያስተምሯቸው ሌሎች ናቸው። እሷ የምታስተምረው ሰው ሳይጎዱ፣ ውጤት ሳይፈበርኩ፣ የሌላውን ድካም የራሳቸው ሳያደርጉ እንዴት እንደሚመራመሩ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ይባላል። መጀመሪያ የነገረችኝ ዕለት «ለዚህም ትምህርት ተከፈተለት? እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ?» ብያት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እናትማ አላቸው፤ የሚጣደፉ ሰዎች ናቸው እንጂ» አለችኝ።

እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መሃል ናት። አንድ ቀን የደንበኛ ፂም እየላጨሁ እህቴ ብቅ ብላ «ከሰዓት በኋላ ዝጋና ና፣ ትፈለጋለህ» ብላኝ ወጣች። ይኸው ነው አጠያየቋ። በኋላ አዳራሽ ውስጥ «ማንም ሰው የሚሳተፈው በነጻ ፈቃዱ ብቻ ነው» ብላ ስታስተምር ሰምቼ «እኔንስ መች ጠየቅሽኝ?» ብላት፣ «ወንድም ሌላ ነው» ብላ አለፈችኝ።

አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማራገቢያው ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከመስኮቶቹ አንዱ በካርቶን ተወትፏል። እህቴ ከፊት ሁለት ወንበር ታስቀምጣለች፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ እስኪደርስ አቀራርባ። አንዱ ላይ ተመራማሪው ይቀመጣል፣ ሌላው ላይ እኔ። ተማሪ ተማሪን ሲጠይቅ ይተዛዘናል ብላ ነው ከውጭ ሰው የምታመጣው። ተመራማሪው ስለ ጥናቱ ያስረዳኛል፤ ምን እንደሚጠይቀኝ፣ የነገርኩትን ማን እንደሚሰማው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሐሳቤን ብቀይር በፈለግኩ ጊዜ ማቋረጥ እንደምችል። ከዚያ ፈቃዴን ይጠይቃል። እኔም እምቢ እላለሁ።

ዋናው ፈተና እሱ ነው። እህቴ ዘንድ እምቢ ሳይባል ያለፈ ሰው የለም። እምቢ የተባለ ሰው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሳል። «ለምን?» ያለ ሰው በሌላ ቀን ተመልሶ ይቀመጣል። «ለምን ማለት ግማሹ ልመና ነው፣ ግማሹ ቁጣ» ትላቸዋለች። «ሰውየው የእምቢታውን ምክንያት ለእናንተ የማስረዳት ግዴታ የለበትም።»

በዚያች ወንበር ላይ ስንቱን ጉድ አየሁ። አንድ ከረቫታ የማይለየው የተከበረ መምህር ነበር። እምቢ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «ትንሽ ደቂቃ ብቻ እኮ ነው» አለኝ። እምቢ አልኩት። «ለሕዝብ ጥቅም እኮ ነው።» እምቢ። በመጨረሻ «ምን የምትጎዳው ነገር አለ? እስቲ ንገረኝ!» ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደጋግሞ ተቀምጦ ነው በስንት መከራ ያለፈው። ዛሬ ደንበኛዬ ነው፤ ሱቄ ሲገባ «ለመሆኑ ዛሬ ፈቃድህ ነው?» ብሎኝ ነው የሚቀመጠው። አንድ ተማሪው በሠራው ጽሑፍ ላይ ከፊት የሰፈረውን የራሱን ስም ሄዶ ያስወጣውም ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። እህቴን ስጠይቃት «የሰው ነገር አላወራም» አለችኝ። እሷን ማናገር እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ቆሽት ያሳርራል። «ዛሬ ሊዘንብ ነው» ብትላት «በምን አወቅክ?» የምትል ሴት ናት።

ስለ እኔ ደግሞ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ? «አንተ ተመራማሪ ብትሆን ኖሮ ዕድሜ ልክህን አታልፍም ነበር። ለምን የማትልበት ነገር የለም።» እውነቷን ነው። ጸጉር አስተካካይ ካልጠየቀ ምኑን ጸጉር አስተካካይ ሆነ።

እሷ ወደዚህ ሥራ የገባችው በወጣትነቷ ባየችው ነገር ነው። ያኔ ተቀጥራ ቤት ለቤት እየዞረች፣ የታመመ ልጅ ያላቸውን እናቶች ለአንድ ጥናት ትጠይቅ ነበር። አንዲት እናት ሁሉንም ጥያቄ ቁጭ ብላ በትዕግሥት መለሰችላት። እህቴ አመስግና ስትነሳ ሴትዮዋ ልጇን ከአልጋ አንስታ፣ አልብሳ፣ ጫማውን አሥራለት «ይኸው፣ ተዘጋጅቷል። የት ነው የምትወስዱልኝ?» አለቻት። ለካስ የምትመልሰው ልጇ የሚታከም መስሏት ነው። እህቴ ያን ቀን ቤት ገብታ እህል በአፏ አልዞረም። «እሺዋን የሰጠችው ለሐኪም ነው፤ እኔ ደግሞ ሐኪም አይደለሁም» እያለች አለቀሰች። እስከ ዛሬ ስለዚያ ልጅ ጫማ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል።

አሁን ወደ እናታችን ልምጣ። የምነግራችሁም ስለ እሷ ብዬ ነው።

አባታችን የሄደው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ሞተ እንዳይባል መቃብር የለው፤ ትቶን ሄደ እንዳይባል እናታችን አንድም ቀን በክፉ አላነሳችውም። ስትጠየቅ «ሰው ነበር» ትላለች፣ ከዚያ የጠጣችበትን ብርጭቆ ለማጠብ ትነሳለች። ልጅ ሆኜ ጠየቅኩ፣ ጎልምሼ ጠየቅኩ፣ ሚስት ላገባ ስል ጠየቅኩ። ወይ ፍንክች። እህቴ ትበልጠኛለችና አንዲት ነገር ታስታውሳለች፤ በር ሲቆልፍ ያፏጭ ነበር ትላለች። «እስቲ አፏጪልኝ» ብዬ ስንቴ ለመንኳት። «አልችልበትም፣ ተወኝ» ብቻ ነው መልሷ። እኔ ያቺም የለችኝም። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ነው የምውለው፣ ይህ አፍንጫ የማን ነው እያልኩ።

እናታችን ካረጀች በኋላ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ያጣችው የዕቃ ስም ነው፤ ማንኪያውን ይዛ «ይኼ፣ ይኼ…» ትላለች። ቀጥሎ እኔን በወንድሟ ስም መጥራት መጣ። የምትኖረው ከእህቴ ጋር ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ሄጄ አያት ነበር።

ከእህቴ ተማሪዎች አንዲት ነበረች፣ እኔ «ዝምተኛዋ» የምላት። በመጀመሪያ ቀኗ ያለፈች እሷ ብቻ ናት። እምቢ ስላት «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ያለችው እንዲያ ከልቧ ስለነበር፣ ተከትያት ሮጬ እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። የምታጠናው ትዝታቸው የሚሸሽባቸውን አዛውንቶች ነው። ሕይወታቸውን በራሳቸው አንደበት ሲያወጉ ድምፃቸውን ትቀርጻለች፤ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚሄድ ለማወቅ።

እናታችን ይህን ስትሰማ እኔም ልግባ አለች። እህቴ አይሆንም ብላ ድርቅ። የአስተማሪዋ እናት ሆና ፈቃዷ እንዴት ነጻ ይሆናል አለች። እናታችን ደግሞ «የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ሲጠየቅ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ አኮረፈች። በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሌላ ሰው መጥቶ፣ እህቴ በሌለችበት፣ እናታችንን ለብቻዋ አነጋገራትና ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ዝምተኛዋ በመጣች ቁጥር ፈቃዷን እንደ አዲስ ትጠይቃታለች፤ እህቴም ቤቱን ለቃ ትወጣለች። እኔንም እጄን ይዛ ታስወጣኛለች። በር ላይ ጆሮዬን ልለጥፍ ስል ስንቴ በክርኗ ወግታኛለች።

አንድ ከሰዓት እናታችንን ከቤቱ ጀርባ ደረጃ ላይ አስቀምጬ ጸጉሯን አስተካክል ነበር። ጸጉሯ ሳስቶ፣ ነጭ ብቻ ሆኖ ነበር። ድንገት «ዛሬ ለዚያች ልጅ ስለ አባታችሁ አጫወትኳት» አለችኝ።

መቀሴ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሻት?»

«ሁሉንም።»

«ለእኔም ንገሪኛ፣ እማዬ። አፈር ስሆን።»

«ደከመኝ። አንዴ ተናገርኩት፣ ወጣልኝ። ጸጉሬን ጨርስልኝ።»

ጨረስኩላት። ራሴንም አጽናናሁ። እናቴ ብትረሳ መቅረጫው አይረሳም አልኩ። የዚያን ዕለት እህቴን «ቅጂው ይሰጠናል?» ስላት «እማዬ ከፈቀደች» አለችኝ። ትፈቅዳለች፣ ለማን ብላ ልትከለክል ነው ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ።

ሳይውል ሳያድር ጉዱ ፈላ። ጠዋት ላይ የተቃጠለ አምፖል ልቀይር መሰላል ላይ ቆሜያለሁ። ዝምተኛዋ ገባች። እናታችን ያን ቀን ጭጋጉ ለቋት የድሮዋን ሴት ሆናለች፤ ወገቧን ቀና አድርጋ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ ተቀምጣለች። ልጅቷ ገና ቦርሳዋን ሳትከፍት «ያን ስለ ባሌ ያጫወትኩሽን አጥፊልኝ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሌላው ይቀመጥ። እሱን ግን አጥፊው።»

«እሺ፣ እማማ። አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። ለምን የለ፣ እስቲ ያስቡበት የለ። እኔ አምፖሉን እንደያዝኩ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ልጅቷም ቀላል ነገር አይደለም እሺ ያለችው። የዚያ ቀኑ ወግ ከሰበሰበችው ሁሉ ረጅሙና ያልተቆራረጠው እንደነበር፣ የጥናቷም ምሰሶ እሱ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ እናታችን ተመልሳ ጭጋጓ ውስጥ ገባች። ታዲያ እኔ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ? ልጅቷን ከዩኒቨርሲቲው በር ለምኜ፣ እየጎተትኩ ማለት ይቻላል፣ ቤት ይዣት ሄድኩ። እናቴ ፊት አቆምኳትና «እማዬ፣ ያ ስለ አባዬ ያወራሽው ይቀመጥ፣ አይደል?» አልኩ።

«ይቀመጥ ልጄ፣ ምን ከፋኝ» አለች እናቴ ፈገግ ብላ።

«ሰማሽ?» አልኳት ልጅቷን።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለች። ደህና ዋሉ ብላ ወጣች።

ከጥቂት ቀን በኋላ እህቴ ሱቄ መጣች። ባለ ከረቫታውን መምህር እየላጨሁት ነበር፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። እህቴ ሰላምታም ሳታስቀድም «ለምን እንደዚያ አደረግክ?» አለችኝ።

«ይኸው አንቺም ለምን አልሽ» አልኳት። አልሳቀችም።

«ይቀመጥ አለች፣ ልጅቷም በጆሮዋ ሰምታለች» አልኩ። «የፈቃድ ባለቤት ራሷ ናት ስትሉ አልነበር?»

«ይቀመጥ ያለችው ስለ ጠየቅካት ነው። ቤቱ ይፍረስ አይደል ብትላትም ይፍረስ ልጄ ትልህ ነበር፤ ደግ ፊት ላየችው ሁሉ እሺ ነው አሁን። አጥፊልኝ ስትል ግን ማን ጠየቃት? ማንም። ከዚያ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ራሷ ይዛው የወጣችው ነገር እሱ ነው።»

«እኔ እንደሚመስለኝ…» ብሎ መምህሩ ከአረፋው ውስጥ ብቅ ሲል ሁለታችንም በአንድ አፍ «ዝም ይበሉ» አልነው።

«አንቺ ማወቅ አትፈልጊም?» አልኳት። ደሜ ፈልቷል። «ድንጋይ ነሽ እንዴ? አባትሽ አይደለም?»

ያን ጊዜ ዓይኗ ሞላ። «ካንተ ይበልጥ ነው የምፈልገው» አለች። «አንተ የናፈቀህ የማታውቀው ሰው ነው። እኔ ፉጨቱን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልጅቷ ምን ላድርግ ብላ መጣች። እኔ የእማዬ ልጅ ነኝ፣ በዚህ ነገር አስተማሪሽ ልሆን አልችልም፣ የተማርሽውን ታውቂያለሽ ብዬ መለስኳት።»

«እና?»

«አጥፍታዋለች።»

ክው አልኩ። ምላጩን አስቀመጥኩ። የመምህሩን ግማሽ ፊት ማን እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴን አኮረፍኳት። ለሥልጠናው ሰው ልካ ስታስጠራኝ «ሞኝሽን ፈልጊ በሏት» ብዬ መለስኩ። እናቴን ለማየትም እሷ ሥራ የምትሆንበትን ሰዓት እየጠበቅኩ ነበር የምገባው። በወንበሬ ላይ የጫማ ጠጋኙን አስቀመጠችው አሉ። ሁሉንም እሺ እያለ አስቸገራት ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ኩርፊያውን የፈታው የእናታችን መድከም ነው። መጀመሪያ መራመድ ተወች፣ ከዚያ ቃል ተወች። እኔና እህቴ በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠን እጇን በየፊናችን ይዘን ስንውል፣ ይቅርታ ማን ይጠይቅ ማን ሳንል ነገሩ እንዲሁ ቀረ። አንድ ጠዋት፣ ውሃ ላጠጣት ቀና ሳደርጋት፣ ክንዴ ላይ ሄደች። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም።

ዝምተኛዋ የቀሩትን ቅጂዎች ይዛልን መጣች፤ እናታችን በጤናዋ ቀን ልጆቼ ይስሙት ብላ የፈቀደቻቸውን። እኔና እህቴ አብረን ሰማናቸው። ዋና ስትማር ወንዝ ሊወስዳት የነበረበት አለ፣ የመጀመሪያ ጫማዋን በአንድ ቀን የበጠሰችበት አለ፣ በመሃል የራሷ ሳቅ አለ፣ ያ ትንፋሿን የሚያሳጥራት ሳቅ። እያለቀስን ሳቅን። አባቴ ግን የለበትም። ሲያልቅ ጥቂት ጠበቅኩ፣ የሚቀጥል መስሎኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ቅጂው ቢጠፋ የሰማ ጆሮ አይጠፋ። ያ ወሬ አሁንም ዓለም ላይ አለ፤ በየቀኑ በሱቄ ፊት ለፊት በምታልፍ በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ።

አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ወደ አዳራሹ ወጣሁ። ሥልጠናው አብቅቶ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ዝምተኛዋ ትምህርቷን ጨርሳ እህቴን የምታግዝ ሆናለችና ወንበር ትደራርብ ነበር። ከፊት ያሉት ሁለቱ ወንበሮች አልተነሱም።

«ቁጭ በይልኝ» አልኳት፣ የኔን ወንበር እያሳየኋት። እኔ በተመራማሪው ወንበር ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ፊት ለፊቱ ስቀመጥ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም።

ነገሩ ገብቷት ፊቷ ተለወጠ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከስንቱ አፍ የሰማሁትን በሥርዓቱ አልኩት። «የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። እናቴ ስለ አባቴ የነገረችሽን እንድትነግሪኝ ነው። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ካልፈለግሽ መተው ትችያለሽ፤ ብትተዪም በእኔና በአንቺ መካከል የሚለወጥ ነገር የለም። ፈቃድሽ ነው?»

እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከተተቻቸው። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች።

ለምን የምትለዋ ቃል ጥርሴ ላይ ደረሰች። ያባቴ ታሪክ ነው፣ የናቴ ወሬ ነው፣ ሁለቱም የሉም፣ ማን ይጎዳል፣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እናቴ ያን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ደብቃ ለዚህች ልጅ ያወራችው ወዳት በልጣብኝ አይደለም። እኔ ለምን እላለሁ። ለምን ሄደ፣ ለምን አልፈለግሽውም፣ ለምን ዝም አልሽ እያልኩ ቀሪ ዕድሜዋን እፈጃት ነበር። ይህች ልጅ ግን ተቀበይ ሲሏት ትቀበላለች፣ ተዪ ሲሏት ትተዋለች። እናቴ የምታወራለት ሰው ስታገኝ እሷን ነው ያገኘችው።

«እሺ» አልኩ። «አመሰግናለሁ።»

ብዬ ተነሳሁ።

ዞር ስል እህቴ በሩ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አለፍክ» አለችኝ።

«ሂጂ ወዲያ» አልኳት።

ወንበሮቹን ሦስታችንም ሆነን ደራረብን። ልጅቷ ተሰናብታን ቀድማ ወረደች። እህቴ መብራቱን አጥፍታ በሩን ሳበችና ቁልፉን ከተተች። እያዞረችው አፏን አሹላ ቀስ ብላ ማፏጨት ጀመረች። አጭር ዜማ ናት፤ ወደ ላይ ትወጣና ጫፏ ላይ ትሰበራለች። ደግማ አፏጨቻት። ከዚያ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አድርጋ ወደ ደረጃው አመራች።

ምንም አልጠየቅኳትም። እስከ ቤት ድረስ ከጎኗ ሄድኩ። አሁን ማታ ማታ ሱቄን ስቆልፍ አፏጫታለሁ።